ስሙ ሌላ፣ ብረቱ ሌላ፦ በ«ዶክተር ኖ» ፊልም ውስጥ የታዩት አራት ሽጉጦች

ሌሊት ነው። ጃማይካ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ባለ አንድ ቤት፣ ጄምስ ቦንድ ከበሩ ጀርባ ተቀምጦ ብቻውን ካርታ ይጫወታል። አልጋው ላይ ትራስ ደራርቦ ሰው የተኛ አስመስሎታል። በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ድምፅ አፋኝ የተገጠመለት ሽጉጥ ብቅ ይልና አልጋውን ደጋግሞ ይመታዋል። ተኳሹ ፕሮፌሰር ዴንት ነው። ቦንድ መብራቱን አብርቶ ሽጉጡን ያስጥለዋል። ዴንት ወሬውን እያስረዘመ ምንጣፉን ወደ ራሱ ይስብና መሣሪያውን መልሶ ያነሣል፤ ምላጩን ሲስበው ግን ቀጭ ከማለት በቀር የሚወጣ ነገር የለም። ቦንድ የዴንት ሽጉጥ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እንደሆነ፣ ስድስት ጥይቱንም እንደጨረሰ ይነግረዋል። ከዚያም ይገድለዋል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ውስጥ የተመረቀው «ዶክተር ኖ» ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቦንድን ሾን ኮነሪ፣ ዴንትን አንቶኒ ዶውሰን ተጫውተውታል። ይህን ትዕይንት እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። በፊልምና በቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚታዩ የጦር መሣሪያዎችን እየለየሁ መመዝገብ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ለጀማሪ ሁሉ የማሳየው ትዕይንት ይህ ነው። የሚነገረው ስምና የሚታየው ብረት እንዲህ የተራራቁበት ሌላ ቦታ እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔም መጀመሪያ ስመዘግበው ተሳስቻለሁ፤ በዴንት ስም «ስሚዝ ኤንድ ዌሰን»፣ በቦንድ ስም «ዋልተር ፒፒኬ» (ቦንድ የሚታወቅበት የጀርመን ሽጉጥ) ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ስህተት ነበሩ። የጻፍኩት በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አልነበረም።

ከዴንት ሽጉጥ እንጀምር። ምስሉን አቁመን ስንመለከተው ጥይት የሚይዝ ተሽከርካሪ ሲሊንደር የለውም። ከላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ሲተኮስ ወደኋላ የሚንሸራተት ረጅም ብረት አለው። ከኋላው ጥይቱን የሚያስፈነዳው መቺ በግልጽ ይታያል። ከመቺው ሥር፣ መዳፍ የሚያርፍበት ላይ፣ እጅ ሲጨብጠው የሚገባ መቆለፊያ አለ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ሽጉጦች አንዱ፣ ኤም1911ኤ1 ነው። የአሜሪካ ጦር በ1911 የተቀበለው ሽጉጥ ኋላ ላይ መጠነኛ ማሻሻያ ተደርጎበት ነው «ኤ1» የሚል ቅጥያ ያገኘው፦ ከምላጩ ጀርባ ጣት የሚያርፍበት የጨረቃ ቅርጽ ጎድጓዳ ወጣለት፣ የእጀታው ጀርባም ከሥሩ ጎበጥ አለ።

ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ «ኮልት» ብሎ ይጠራዋል። መዝገብ ላይ ግን ይህን ስም ዝም ብዬ አልጽፈውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሽጉጡን ኮልት ብቻ ሳይሆን ሬሚንግተን ራንድ፣ ኢታካ፣ ዩኒየን ስዊች ኤንድ ሲግናልም ሠርተውታል። እናቶቻችን የልብስ ስፌት መኪናውን የሚያውቁት ሲንጀር ሳይቀር 500 ያህል ሠርቷል። ከሩቅ በተነሣ ምስል ላይ በብረቱ ጎን የተቀረጸው የፋብሪካ ስም አይነበብም። ስለዚህ የሞዴሉን ስም እንጽፋለን፤ የሠሪውን ስም የምንጽፈው ሲነበብ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያልጠበቀ መዝገብ ቶሎ በግምት ይሞላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል፦ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም እኮ 1911 ይሠራል! እውነት ነው፣ ይሠራል፤ ግን የጀመረው በ2003 ነው። ፊልሙ ከተመረቀ ከ40 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። መሣሪያ የሚመዘግብ ሰው የፊልሙን ዓመትና መሣሪያው የተሠራበትን ዓመት ጎን ለጎን ካላስቀመጠ እንዲህ ባለ ወጥመድ ውስጥ መውደቁ አይቀርም።

ስድስት ጥይት የሚለውስ? የኤም1911ኤ1 ካዝና 7 ጥይት ይይዛል። አንድ ቀድሞ ጎርሶ ከሆነ 8 ይሆናል። ስድስት ተኩሶ የጨረሰ ሰው ቢያንስ አንድ ይቀረዋል፤ ቦንድም በዚያች ሌሊት ካርታውን እንደያዘ በሞተ ነበር። «ቀጭ» የሚለው ድምፅም አይገጥምም። ይህ ሽጉጥ የመጨረሻውን ጥይት ሲተፋ ከላይ ያለው ብረት ወደኋላ ሄዶ እዚያው ይቀራል። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ለተኳሹ ቁልጭ አድርጎ ይነግረዋል። ምላጩ ቢሳብም መቺው ባዶ ጎራሽ ላይ ወርዶ ያን ድምፅ አያሰማም።

ስድስት ጥይት፣ ባዶ ላይ የሚወርድ መቺ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት ሪቮልቨር ላይ፣ ማለትም ጥይቱን በተሽከርካሪ ሲሊንደር በሚይዝ ሽጉጥ ላይ ነው። ቃሉ የተጻፈው ሪቮልቨር ታስቦ ነው ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው። ግን በእውነት ሪቮልቨር ቢቀርብ ኖሮ ድምፅ አፋኙ ችግር ይፈጥር ነበር። በሪቮልቨር ላይ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ ብረት መካከል ቀጭን ክፍተት አለ። ሲተኮስ ጋዙና ድምፁ በዚያ ያመልጣል፤ ጫፉ ላይ የገጠሙት አፋኝ ያን አይዘውም። ክፍተቱን የሚደፍነው የሩሲያው ናጋንት 1895 ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚይዘው ሰባት ጥይት ነው! ድምፅ ሳያሰማ ገዳይ የሚያደርገውን አፋኝ የፈለገ ፊልም ሠሪ ሪቮልቨሩን መተው ነበረበት። ሪቮልቨሩ ሲቀር ንግግሩ ሳይታረም ቀረ።

አሁን ወደ ቦንድ እጅ እንሂድ። ሰው ሁሉ ፒፒኬ ነው የሚለው ሽጉጥ እዚህ ጋ ነው። የዋልተር ፒፒኬ መለያው መቺው በስተኋላ ብቅ ማለቱ ነው። ቦንድ ዴንትን የሚገድልበት ሽጉጥ ግን ጀርባው ለስላሳ ነው፤ መቺ አይታይበትም። ጠቅላላ ቅርጹም እንደ ተሞረደ ድንጋይ ክብ ነው፤ ልብስ የሚይዝ ሹል የለውም። ይህ ኤፍኤን ሞዴል 1910 ነው፤ ቤልጅግ ውስጥ ኧርስታል በሚባል ቦታ የተሠራ። የዚህ ሽጉጥ ልዩ ነገር መላሽ ስፕሪንጉ በአፈሙዙ ብረት ዙሪያ መጠምጠሙ ነው። ያን ስፕሪንግ የሚይዘው ክብ፣ ጠርዙ የተፋቀ ቀለበት አፈሙዙ ጫፍ ላይ ይታያል። ቀለበቱን አንዴ ያየ ሰው ሞዴሉን ዳግመኛ አይስተውም። በ1914 ሳራዬቮ ላይ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ የገደለውም በዚሁ ሞዴል ሽጉጥ ነበር።

ልብ በሉ፤ ትዕይንቱን የሚያደምቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። የዴንትንም የቦንድንም ሽጉጥ የነደፈው አንድ ሰው ነው፦ አሜሪካዊው ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ። ዩታ ውስጥ ኦግደን በሚባል ከተማ በ1855 ተወልዶ፣ በ1926 ቤልጅግ ሊዬዥ ውስጥ፣ ኤፍኤን ፋብሪካ ሥራው ላይ እንዳለ አረፈ። በጆሮ የምንሰማው ዋልተርና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው፤ በዓይን የምናየው ብራውኒንግ ከብራውኒንግ ጋር ሲፋጠጥ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ትዕይንቱ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አልወደድኩትም።

ከቤልጅግ ጋር ትውውቃችን ሩቅ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛ ከ1930 ጀምሮ ያሠለጠኑት የቤልጅግ መኮንኖች ነበሩ። የአገራቸው ጠመንጃም በአባቶቻችን አፍ «ቤልጅግ» ተብሎ ቀረ። ከዚያም በፊት የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» በአማርኛ ጆሮ ውስጥ አልፎ «ውጅግራ» ሆኗል፤ «ሚትራዬዝ»ም «መትረየስ»። ስለዚህ ስም ከብረት መለየቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎች የነገሩንን የጠመንጃ ስም ይዘን ዕቃውን ለማግኘት ስንፈልግ የምንሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም፦ ስሙን አክብሮ መያዝ፣ ግን ብረቱን ለብቻው ማየት።

ሦስተኛውና አራተኛው ሽጉጥ የሚታዩት ለንደን፣ የቦንድ አለቃ ቢሮ ውስጥ ነው። አለቃው የቦንድን አሮጌ ቤሬታ ሽጉጥ ይቀማዋል፤ በሥራ ላይ ከድቶት ሆስፒታል አስገብቶታልና። በምትኩ ዋልተር ፒፒኬ፣ 7.65 ሚሊ ሜትር፣ ይሰጠዋል። ሽጉጡን ይዞ የሚገባው የመሣሪያ ባለሙያ ሻለቃ ቡዝሮይድ ይባላል። የዚህ ሰው ስም የመጣው ከእውነተኛ ሰው ነው። ደራሲው ኢያን ፍሌሚንግ በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቱ ለቦንድ ባለ .25 ካሊበር ቤሬታ አስታጥቆት ነበር። በ1956 የግላስጎው ነዋሪ የሆነው የመሣሪያ አዋቂ ጄፍሪ ቡዝሮይድ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ቦንድ የያዘው የሴት ሽጉጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው አይመጥነውም ሲል። የቡዝሮይድ ምክር በመጀመሪያ ደረጃ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ነበር፤ አውቶማቲክ (ሲሊንደር የሌለው፣ ከካዝና የሚጎርስ ሽጉጥ) ካስፈለገ ግን ፒፒኬ። ፍሌሚንግ ምክሩን በአክብሮት ተቀበለ። በ1958 በታተመው መጽሐፉ ላይ ፒፒኬውን አስገባ፤ ለመሣሪያ ባለሙያውም የአማካሪውን ስም ሰጠው።

የአንባቢ ደብዳቤ የአንድን ገጸ ባሕርይ ትጥቅ እስከ ዛሬ ድረስ ሲለውጥ ማየት እኔን ያስደስተኛል። ሆኖም ፍሌሚንግ ሲቸኩል አንድ ነገር አደባልቋል። ቡዝሮይድ ለሪቮልቨሩ የመከረውን በርንስ ማርቲን የሚባል የሽጉጥ ማኅደር ለፒፒኬ አለበሰው። ማኅደሩ ከፊት ክፍት ሆኖ የሪቮልቨሩን ሲሊንደር በስፕሪንግ አቅፎ የሚይዝ ነው። ሲሊንደር የሌለውን ሽጉጥ ምን አቅፎ ይይዘዋል?

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ቦንድ የሚቀማው ቤሬታ በመጽሐፉ ያለው ትንሹ ባለ .25 አይደለም። ትንሹ ቤሬታ መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ መቺው የማይታይ ሽጉጥ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው መቺው ክብ ሆኖ በግልጽ የሚታይ፣ ከካዝናው ሥር ትንሿ ጣት የምታርፍበት ቀንድ የወጣለት ቤሬታ ሞዴል 1934 ነው። ጥይቱም «9 ሚሊ ሜትር አጭር» የሚባለው ነው። ይህ ሞዴል አገራችን በተወረረችበት ዘመን ከጣሊያን ጦር መደበኛ ሽጉጦች አንዱ ነበር፤ «የሴት ሽጉጥ» የሚለውን ስድብም አያገኘውም።

ሊተካው የመጣው «ፒፒኬ»ስ? እሱ ፒፒኬ ሳይሆን ታላቅ ወንድሙ ዋልተር ፒፒ ነው። ሁለቱ በመልክ በጣም ይቀራረባሉ። ፒፒ በ1929፣ ፒፒኬ በ1931 ወጡ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው አጠር ተደርጎ ነው። የፒፒ አፈሙዝ ርዝመት 98 ሚሊ ሜትር፣ የፒፒኬ 83 ሚሊ ሜትር ነው። በስክሪን ላይ ግን ሚሊ ሜትር አይለካም፤ የሚያጋልጠው የእጀታው ጀርባ ነው። የፒፒ እጀታ ከግራና ከቀኝ ሁለት ልባጦች አሉት፤ በመካከላቸው ከኋላ በኩል የሽጉጡ ብረት ቀጥ ብሎ ሲወርድ ይታያል። የፒፒኬ ልባጥ አንድ ወጥ ሆኖ ጀርባውን ዞሮ ይሸፍነዋል፤ ብረት አይታይም። ሁለቱን የሚያዳቅል፣ የፒፒ አካልና የፒፒኬ አናት ያለው ፒፒኬ-ኤስ የሚባል ሦስተኛ ሞዴልም አለ፤ እሱ ግን በ1968 በአሜሪካ የወጣውን የመሣሪያ ሕግ ተከትሎ የመጣ ስለሆነ በ1962 ፊልም ውስጥ ሊኖር አይችልም።

ይህን መለየት የጀመርነው ከምስል ብቻ ነበር። በታኅሣሥ 2020፣ ኮነሪ ካረፈ አንድ ወር ገደማ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ቤቨርሊ ሂልስ በጁሊየንስ ጨረታ ቤት አንድ ሽጉጥ ለሽያጭ ቀረበ። ኮነሪ በ«ዶክተር ኖ» የያዘው ተብሎ 256,000 ዶላር ተሸጠ። በጨረታው ላይ የተጻፈለት ስምም ዋልተር ፒፒ ነው። ብዙ ዓመት በምስል ላይ ያፈጠጠ ሰው ዕቃው ራሱ መጥቶ ሲመሰክርለት የሚሰማውን ደስታ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ቤሬታ የተባለው ቤሬታ ነው፣ ግን ሌላ ሞዴል። ፒፒኬ የተባለው ፒፒ ነው። ዝም ብለን ፒፒኬ ያልነው ኤፍኤን 1910 ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ኤም1911ኤ1 ነው። ከአራቱ አንዱም እንደተጠበቀው ሆኖ አልተገኘም። ለፊልም ሠሪዎቹ ግን አልፈርድም። ያኔ ተመልካቹ ሲኒማ ቤት ገብቶ አንዴ ያይና ይሄዳል፤ ምስል የሚያቆምለት ማሽን በቤቱ የለም።

በዓመቱ ሁለተኛው የቦንድ ፊልም ሲመጣ ደግሞ ከአራቱም የባሰ ነገር ተፈጠረ። ለማስታወቂያው ኮነሪን ፎቶ የሚያነሣው ዴቪድ ኸርን ነበር። ሰዎቹ ስቱዲዮው ሲደርሱ ሽጉጡን ሳይዙ መጥተዋል። ኸርን ግን ኢላማ ተኩስ የሚወድ ሰው ስለነበር የራሱን ዋልተር ኤልፒ 53 አውጥቶ ሰጣቸው። ኤልፒ 53 ጥይት የሚተኩስ መሣሪያ አይደለም፤ በአየር ግፊት 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ፍሬ አንድ በአንድ የሚወረውር የመለማመጃ ሽጉጥ ነው። ኮነሪ ያን ረጅም አፈሙዝ ጉንጩ አጠገብ አቁሞ ተነሣ። ምስሉ ዓለምን ዞረ፤ እንደ ገዳይ የታወቀው ቦንድ የቆመው በአየር ሽጉጥ ነው። ያችው ሽጉጥ በኅዳር 2010 ለንደን ክሪስቲስ ጨረታ ላይ 277,250 ፓውንድ ወጣባት። ከእውነተኛው ሽጉጥ ይልቅ መለማመጃው በለጠ።

የቪዲዮ ጌሙ ነገር ከዚህ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። በ1997 ሬር የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ኒንቴንዶ 64 ለሚባለው የጌም ማጫወቻ «ጎልደንአይ 007»ን ሠራ። እዚያ መሣሪያዎቹ በቅርጻቸው ትክክል ናቸው፤ የተቀየረው ስማቸው ነው፤ የንግድ ስም ክርክር እንዳይመጣ። ፒፒኬው «ፒፒ7» ተባለ። ካላሽኒኮቩ «ኬኤፍ7 ሶቪየት» ሆነ። ስኮርፒዮን የሚባለው የቼኮች ትንሽ መትረየስ «ክሎብ» ተባለ፤ በኒንቴንዶ ይሠራ በነበረው በኬን ሎብ ስም። በፊልሙ ስም ይዘን ብረት እንፈልጋለን፤ በጌሙ ብረት ይዘን ስም እንፈልጋለን። አንድ ትውልድ ልጅ ስኮርፒዮንን «ክሎብ» ብሎ እያወቀ አደገ፤ ልክ ውጅግራ በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኖ እንደቀረው። ይህም ስም ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት፤ የሰዎች ትዝታ የተያያዘው ከእሱ ጋር ነውና።

ስለዚህ መዝገቤ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት መስመር አለኝ። አንዱ «የተባለው» ነው፤ ገጸ ባሕርዩ የተናገረው ወይም ጌሙ የጻፈው፣ ሳይታረም። ሁለተኛው «የታየው» ነው፤ ከሥሩም የለየሁበት ምልክት በቃላት ይጻፋል፦ «መቺ አይታይም፣ አፈሙዙ ላይ የተፋቀ ቀለበት አለ» ብዬ። ምልክቱን ያልጻፈ ሰው ፍርዱን ለሌላው እንዲመረምር አልሰጠም፤ እመኑኝ ብቻ ነው ያለው። ምልክት ካላገኘሁም «አውቶማቲክ ሽጉጥ» ብዬ አቆማለሁ፤ ባዶ መስመር ከተሳሳተ ስም ይሻላል።

የዴንት ትዕይንት ዛሬ በመዝገቤ ላይ የሚነበበው እንዲህ ነው፦

«ዴንት። የተባለው፦ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ 6 ጥይት። የታየው፦ ኤም1911ኤ1፣ ድምፅ አፋኝ ያለው፤ ሠሪው አይነበብም። ቦንድ። የተባለው፦ በዚህ ትዕይንት ስም አልተጠራም፤ በቢሮው ትዕይንት የተሰጠው ግን ፒፒኬ ይባላል። የታየው፦ ኤፍኤን 1910፣ ድምፅ አፋኝ ያለው።»